እጅ ከማን ይማራል?

አንድ ሐኪም በሥራው በሰለ ሲባል የበሰለው ምኑ ነው? የቀዶ ጥገና ሐኪም ከሆነ ከጠረጴዛው የተነሡትንና ያልተነሡትን ቆጥሮ፣ ያምናውን ከዘንድሮው አስተያይቶ መፍረድ ይቻል ይሆናል። መሣሪያው እጁ ብቻ ሲሆን፣ ታካሚውም ሞት የሚያሰጋው ሳይሆን ሕመም ያስቸገረው ሰው ሲሆን ግን ጥያቄው ይጠናል። ኦስቲዮፓቲ እንዲህ ያለ ሙያ ነው። ባለሙያው በጣቶቹ ይዳስሳል፤ የጠነከረውን ጡንቻ ያላላል፤ የተያዘውን መገጣጠሚያ ቀስ አድርጎ፣ አንዳንዴም በድንገት ገፍቶ ያንቀሳቅሳል። ወደ እርሱ ከሚሄዱት የሚበዙት ወገባቸውን ወይም አንገታቸውን የሚያማቸው ናቸው። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ትናንት ከተመረቀው እንደሚበልጥ ሁላችንም እናምናለን፤ እርሱም ያምናል። እምነቱ ሐሰት ነው ለማለት አልቸኩልም። የምጠይቀው፣ እጁ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከማን ሲማር እንደኖረ ነው።

መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ከታካሚዎቹ ነዋ! ነገር ግን የወገብ ሕመም የራሱ ጠባይ አለው። ድንገት የያዘው ሰው ምንም ባይደረግለት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይሻለዋል። የቆየበት ሰው ደግሞ ሕመሙ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይለዝባል፤ ተነሥቶ ወደ ሕክምና የሚሄደውም በበረታበት ቀን ነው። ከብርታት ቀጥሎ የሚመጣው መለዘብ ስለሆነ፣ ያን ቀን ማንም ምንም ቢያደርግለት በሳምንቱ ሳይሻለው አይቀርም። እንግዲህ እጁ ተገቢውን ነገር አደረገም ከንቱ ነገር አደረገ፣ የሚያገኘው ምስጋና ያው ነው። ስሕተት በሚያስከፍልበት ቦታ ትምህርት አለ፤ ሁሉም ነገር በሚመሰገንበት ቦታ ግን የሚጠነክረው ልማድ ነው። በዚያ ላይ የተሻለው ሰው ሕመሙ ሲያገረሽበት ተመልሶ ይመጣል፣ ዘመዱንም ይዞ ይመጣል፤ ያልተሻለው ዝም ብሎ ይቀራል። ባለሙያው የቀረውን ሰው «ድኖ ነው» ብሎ ቢተረጉመው ማን ይከለክለዋል? ከታካሚ መማር ይቻላል፤ ነገር ግን ዓይን የሚያየው በመንደሩ ያለውን ታካሚ ሁሉ ሳይሆን በሩን ከፍቶ የገባውን ብቻ ነው።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የኦስቲዮፓቲ መሥራች ራሱ በአንድ ወቅት «መብረቁ ወጌሻ» በሚል ስም ራሱን ያስተዋውቅ ነበርና ወጌሻን ማንሣት ከጉዳዩ መውጣት አይሆንም። የእኛ ወጌሻ ወለምታን ያሻል፣ የወለቀውን ይመልሳል፣ የተሰበረውን በቀርከሃ ያስራል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ አጥንት ካልከለከሉት በራሱ ይገጥማልና። ማሰሪያው ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ግን ደም ይቋረጣል፣ እግሩ ይጠቁራል፣ ቤተሰቡም ተሯሩጦ ልጁን ሆስፒታል ያደርሳል። እግሩን ለመቁረጥ የሚገደደው ሐኪም ይህን ያያል፤ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞችም በየጊዜው ጽፈውበታል። ወጌሻው ግን አያይም። ሊያስተምረው የሚችለው ትልቁ ነገር የሚፈጸመው እርሱ በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፋት ወይም ስንፍና አላልኩም፤ የዕውቀቱ መንገድ ከመነሻው የተቀየሰው እንዲያ ሆኖ ነው። ለንደን ውስጥ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለው ኦስቲዮፓትም ያልተመለሰውን ታካሚ ፈልጎ እስካልጠየቀ ድረስ፣ በዚህ በኩል ከወጌሻው የሚለይበት ነገር አይታየኝም።

መሥራቹን ካነሣሁ ታሪኩን በጥቂቱ ላንሣ፤ ለጥያቄያችን ያልተጠበቀ መልስ አለበትና። አንድሩ ቴይለር ስቲል የሰባኪና የሐኪም ልጅ ነበር፤ ሕክምናንም በአሜሪካ የካንሳስ ጠረፍ ከአባቱ ጋር እየሠራ ነበር የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1864 ማጅራት ገትር ሦስት ልጆቹን ወሰደበት። የዘመኑ ሐኪም ከቦርሳው የሚያወጣው ካሎሜል የተባለ ሜርኩሪ ያለበት ዱቄት፣ ኦፒየምና አልኮል ነበር፤ ከበሽታው ያመለጠ በመድኃኒቱ የሚጎዳበት ጊዜ ነው። ስቲል ከዚህ ሐዘን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1874፣ አዲስ ሕክምና አገኘሁ አለ፤ በ1892 ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ በኪርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ትምህርቱ በአጭሩ፣ ከቦታው የተዛነፈ አጥንት የደምንና የነርቭን መንገድ ያውካል፣ በሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው፣ አጥንቱ ሲስተካከል ሰውነት ራሱን ያድናል የሚል ነው። ከዚህ ትምህርት ዛሬ በምርመራ ፊት የሚቆመው ጥቂት ነው። ሰውየው ግን በዘመኑ ታካሚዎች ወደ እርሱ የጎረፉለት ሐኪም ነበር። እንዴት? ከመልሱ ከፊሉ፣ በእጁ ባደረገው ሳይሆን ባላደረገው ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ሜርኩሪውን አልሰጠም። ስቲል ልክ የሆነው በተወው ነገር ነው፤ የተሳሳተው በምትኩ ባመጣው። ተከታዮቹ ግን የወረሱት ያመጣውን እንጂ መተውን አልነበረም። የሙያ ዕድገት ማለት ሁልጊዜ መጨመር፣ ሌላ ዘዴ፣ ሌላ ሥልጠና፣ ሌላ የምስክር ወረቀት ነው የሚለው ልማድ ከመነሻው አባቱን የረሳ ልማድ ነው።

ነገሩ የኦስቲዮፓቲ ብቻ አይደለም። አርስቶትል በ«ሜታፊዚክስ» መጀመሪያ ላይ ልምድ ያለው ሰው ንድፈ ሐሳብ ብቻ ካለው ይልቅ በሥራ እንደሚሳካለት ይናገራል፤ ሐኪም የሚያድነው «ሰውን» ሳይሆን ካሊያስን ወይም ሶቅራጥስን ነውና። ከዚያ ግን ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ልምድ ያለው ሰው እንዲህ መሆኑን ያውቃል፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያውቀው ጥበብ ያለው ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ልዩነት በቁጥር የተመሰከረለት በእኛ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት፣ የሐኪምን የአገልግሎት ዘመን ከሥራው ጥራት ጋር ያነጻጸሩ 62 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ከግማሽ በላይ የሆኑት ዓመታት በጨመሩ ቁጥር ጥራቱ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ የመደበኛ ሐኪሞች ነው፤ ላብራቶሪና ራጅ፣ ባልደረባና ሆስፒታል ያላቸው ሰዎች! ብቻውን በአንዲት ክፍል ውስጥ ከእጁ ጋር የሚሠራውን ሰው እጣ ማሰብ ነው እንግዲህ።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ አቅልዬም ልተወው አልፈልግም። እጅ አንደበት የማይናገረውን ያውቃል ይባላል። በሐኪምነት ሠልጥኖ፣ ኬሚስት ሆኖ፣ በመጨረሻ ፈላስፋ የሆነው የሃንጋሪው ተወላጅ ማይክል ፖላኒ ከምንናገረው በላይ እንደምናውቅ ብዙ ጽፏል። ከምሳሌዎቹ አንዱ የሕክምና ተማሪው ነው። የደረት ራጅ ሲያሳዩት በመጀመሪያ ከልብና ከጎድን አጥንት በቀር አንዳች አያይም፤ ሊቃውንቱ የሌለ ነገር የሚያወሩ ይመስለዋል፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ጎድኖቹ ይረሳሉ፣ ሳንባው መታየት ይጀምራል። የእጅም ትምህርት እንዲህ ነው ቢባል እቀበላለሁ፤ ጀማሪው ሥጋ ብቻ የሚነካበት ጀርባ ላይ የበሰለው ባለሙያ የተወጠረውንና የላላውን፣ የሚፈራውንና ራሱን የሰጠውን ይለያል። ሆኖም በራጁና በጀርባው መካከል አንድ የማይታለፍ ልዩነት አለ። ራጁን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ሊያዩት፣ ሊከራከሩበት፣ በኋላም በቀዶ ጥገና ወይም በላብራቶሪ ሊፈትኑት ይችላሉ። በእኔ ጣት ሥር የተሰማኝን ግን አንተ ልትሰማው አትችልም፤ ጣትህን ስታሳርፍ የምትሰማው የራስህን ነው። የማይነገር ዕውቀት መኖሩን ማመን አንድ ነገር ነው፤ የማይነገር ሁሉ ዕውቀት ነው ማለት ሌላ። ተማሪው «ይሰማኛል» እስኪል ድረስ መምህሩ ሲጠብቅ፣ እየተማረ ያለው መስማትን ይሁን «ይሰማኛል» ማለትን ማን ያውቃል?

እንዲያውም ተሞክሯል። ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎች አንዱን ጀርባ ለየብቻ ዳስሰው የትኛው አከርካሪ እንደተያዘ እንዲናገሩ ሲደረግ ስምምነታቸው ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ያው አንድ ባለሙያ ያንኑ ጀርባ ሁለት ጊዜ ሲዳስስ ግን ከራሱ ጋር በተሻለ ይስማማል። ይህ ግኝት ሲታይ ያስቃል፣ ሲታሰብ ያሳስባል። ሰው ከራሱ ጋር መስማማቱን ነው ልምድ ብሎ የሚጠራው፤ ጽናቱ እውነት ይመስለዋል። ከዚህም የሚገርመው ሌላው ነው። ባለሙያዎች የሚስማሙት ስለ አጥንቱ አቀማመጥ ወይም ስለ መገጣጠሚያው እንቅስቃሴ ሲጠየቁ ሳይሆን ሲጫኑት የሚያመው የት እንደሆነ ሲጠየቁ ነው፤ ማለትም ታካሚው «እዚህ ጋ!» ሲል። እንግዲህ በእጁ ዕውቀት ውስጥ ከሁሉ የሚታመነው ክፍል የታካሚው አንደበት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የስቲል ተማሪ የነበረው ዊልያም ጋርነር ሰዘርላንድ የራስ ቅል አጥንቶች በረቂቅ ምት ይንቀሳቀሳሉ፣ የሠለጠነ እጅም ያን ምት ይቆጥራል ብሎ አንድ ሙሉ የትምህርት ዘርፍ መሥርቷል፤ ሁለት እጆች በአንድ ራስ ላይ ምቱን እንዲቆጥሩ በተደረጉባቸው ሙከራዎች ግን ቁጥራቸው አልገጠመም። ዘርፉ እስካሁን በሥልጠና ይሰጣል። እጅግ የላቀ ስሜት ያለው እጅ የሚባለው እዚያ ነው፤ የሚቃረነው ታካሚ እዚያ ፈጽሞ የለምና። ለስሕተት ቦታ በሌለበት መላቅ ቀላል ነው።

ታዲያ ሕክምናው ባዶ ነው? እንዲህ ብዬ ብዘጋው ይቀልለኝ ነበር፤ ማስረጃው ግን ለፌዝ አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ 155 የወገብ ታካሚዎች ከሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በኦስቲዮፓቲ፣ ግማሾቹ በመደበኛው ሕክምና ሲረዱ፣ ሁለቱም ወገኖች ተመሳሳይ መሻል አሳዩ፤ በእጅ የታከሙት ግን የወሰዱት መድኃኒት ያነሰ ነበር። በ2021 የታተመው የፈረንሣይ ጥናት ደግሞ 400 ሰዎችን ይዞ፣ ለከፊሎቹ እውነተኛውን ሕክምና፣ ለከፊሎቹ በተመሳሳይ ባለሙያ እጅ ቀላል መነካካትን ብቻ ሰጠ። ልዩነት ነበረ፤ ግን ትንሽ ነበረ፣ አጥኚዎቹም ለታካሚው ኑሮ የሚሰማ መሆኑን ተጠራጥረዋል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በመነካካት ብቻ የታከሙት ሰዎች ያገኙት ምንድን ነው? ጊዜ የሰጣቸው፣ ታሪካቸውን የጠየቀ፣ ሳይቸኩል እጁን ያሳረፈ ባለሙያ አግኝተዋል። ይህን «ባዶ» ብሎ የሰየመው የሳይንሱ ዘዴ ነው፤ ለዘዴው ትክክል ነው፣ የሚለካውን ለመለየት የማይለካውን ባዶ ማለት አለበትና። ነገር ግን ሁለቱ ክፍሎች በእጅጉ ካልተለያዩ፣ ባለሙያው ዓመታት ያፈሰሰበት ስውር ጥበብ ከተራ መልካም አያያዝ ብዙም አልራቀም ማለት ነው። ይህ ለሙያው ውርደት ነው ወይስ ክብር? እኔ እንደ አንባቢው እያመነታሁ፣ ወደ ክብሩ አደላለሁ፤ ክብሩ ግን ሙያው ለራሱ የሰጠው ዓይነት አይደለም።

መልካም አያያዝም ራሱ ይማሩታል፣ ይበላሻልም። አንዲት የወገብ ታካሚ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ «አጥንትሽ ከቦታው ወጥቷል» ብትባል፣ ከሕመሙ ጋር ፍርሃትም ይዛ ትወጣለች፤ ለማጎንበስ ትፈራለች፣ ልጅ ለማንሣት ትፈራለች፣ ባልተንቀሳቀሰች ቁጥርም ወገቧ ይደርቃል። እጁ ያላላውን አንደበቱ አሰረው። «ወገብሽ ጠንካራ ነው፣ ተንቀሳቀሺ» የሚለውን በሚታመን ድምፅ መናገር ከማንኛውም የአከርካሪ ግፊት የሚያንስ ችሎታ አይመስለኝም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ማንም የማይጠራጠረው አንድ የብስለት ቦታ አለ፤ «ይህ የእኔ አይደለም» የማለት ችሎታ። ወገቡን ያመመው ሰው በመቀመጫው ዙሪያ መደንዘዝ ጀምሮት ሽንቱ እምቢ ካለ፣ ወይም ካንሰር የነበረበት ሰው ሌሊት የማያስተኛ አዲስ ሕመም ከያዘው፣ እጅን ሰብስቦ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መላክ ነው። እዚህ ላይ ስሕተት አለ፣ ልክ አለ፣ ቆይቶም ቢሆን ማረጋገጫ ይመጣል። የሚገርመው፣ የእጅ ሙያ ዕድገት ከሁሉ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታየው እጅ በሚታጠፍበት ቅጽበት መሆኑ ነው።

ሙያዎች ግን ዕድገታቸውን በዚህ ሲለኩ አላየንም። አንዱ መለኪያ ማዕረግ ነው። በአሜሪካ ኦስቲዮፓቶች በሂደት መድኃኒት የሚያዙ፣ ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሙሉ ሐኪሞች ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ካሊፎርኒያ ውስጥ አብዛኞቹ አጭር ሴሚናር ተከታትለው፣ 65 ዶላር ከፍለው የኦስቲዮፓቲ ዲግሪያቸውን በመደበኛው የሕክምና ዶክተርነት ለወጡ። በዋዜማው ሌላ፣ በማግሥቱ ሌላ የሆኑት እነዚህ ሰዎች እጃቸው ያው እጅ ነበር። ሁለተኛው መለኪያ ሰዓት ነው። ብሪታንያ በ1993 የኦስቲዮፓቶችን ሕግ አውጥታ የሙያውን ስም በሕግ ከጠበቀች በኋላ፣ የተመዘገበ ሁሉ በሦስት ዓመት ውስጥ 90 ሰዓት እንዲማር፣ ከዚያም ቢያንስ 45ቱን ከሌሎች ጋር እንዲሆን ትጠይቃለች። እኛም አገር የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ መውሰዱን ማሳየት አለበት፤ አዳራሽ ገብቶ፣ ፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ መውጣት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ስለ ሰዓት ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ሰዓት ቢያንስ ባለሙያውን ከብቸኛ ክፍሉ ያወጣዋል፤ «ከሌሎች ጋር» የሚለው ቃል ውስጥ ያለው ብልህነት ይህ ነው። የብሪታንያው ደንብ ከዚህም አልፎ፣ ከራስ ግምት ውጭ የሆነ ማስረጃ እንዲቀርብ ይፈልጋል፤ የታካሚ አስተያየት፣ የባልደረባ ምልከታ ወይም የመዝገብ ምርመራ። በዑደቱ መጨረሻም ከባልደረባ ጋር ተቀምጦ መወያየት አለ። ያ ባልደረባ ግን ከዚያው መምህር የተማረ፣ ያንኑ ምት እሰማለሁ የሚል ከሆነ፣ ሁለት እጆች አንዱን ስሕተት ተጨባበጡ እንጂ ምን ተገኘ?

ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል። መተው ብስለት ነው ካልን፣ የት ላይ ይቆማል? የተዛነፈውን አጥንት ታሪክ ተወው፤ የራስ ቅሉን ምት ተወው፤ የትኛው አከርካሪ እንደተያዘ አውቃለሁ ማለትን ተወው። የቀረው የሚያዳምጥ፣ በጥንቃቄ የሚነካ፣ የሚያበረታታ፣ የሚያንቀሳቅስና አደጋን የሚለይ ሰው ነው። ይህ ሰው ኦስቲዮፓት ነው ወይስ ፊዚዮቴራፒስት? ወይስ ጥሩ ነርስ? እውነትን እየተከተለ ያደገ ሙያ ራሱን ከጎረቤቱ የሚለየውን አጥር እያፈረሰ ይሄዳል፤ አጥሩን የጠበቀ ሙያ ደግሞ አላደገም። በዚህ ግራ መጋባት ውስጥ ወጣቶቹ ኦስቲዮፓቶች ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲሟገቱ፣ ሽማግሌዎቹ «መሥራቹን ካዳችሁ» ይላሉ። እኔ ከጎን ሆኜ ስመለከት፣ ስቲል በካሎሜል ላይ ያደረገውን በስቲል ላይ የሚያደርገው ወጣት ነው ለስቲል የቀረበው። ሽማግሌው ግን የሚፈራው በከንቱ አይደለም። ሁሉን የተወ ሰው ታካሚውን በምን ቃል ይቀበለዋል? እርግጠኛነት ራሱ የማከሚያው አንድ ክፍል ቢሆንስ? የሚጠራጠር እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሥር የተኛ ጡንቻም አይላላም። መጠራጠርን ከእጁ አውጥቶ ማታ መዝገቡን ሲያገላብጥ ብቻ የሚያስነሣው ባለሙያ ሊኖር እንደሚችል እገምታለሁ፤ ይህ ሐቀኝነት ይሁን ሁለት ልብነት ግን ለመወሰን ተቸግሬያለሁ።

በመጨረሻ የእንጀራው ነገር አለ፤ ፈላስፎች ሊያልፉት የሚወዱት። የብሪታንያ ኦስቲዮፓቶች በአብዛኛው በግል የሚሠሩ ናቸው፤ የሚከፈላቸውም በቀጠሮ ነው። ታካሚው በሁለት ቀጠሮ ወገቡን ማመን ከተማረ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አሥረኛው ይቀራሉ። በእውነት የበሰለው ባለሙያ ታካሚውን ቶሎ የሚያጣው ነው። የማይረባውም እንዲሁ ታካሚውን ቶሎ ያጣል። የቀጠሮ መዝገባቸውን ጎን ለጎን ብትዘረጋው፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ መጥተው የቀሩ ስሞችን ታያለህ፤ መካከለኛው ባለሙያ ነው መዝገቡ በተመላላሽ የሞላው። መዝገቡ ከመጣው ሰው በቀር ስለማንም አይናገርም፤ የቀረው ከሁለቱ በየትኛው ምክንያት እንደቀረ ለማወቅ ስልክ ደውሎ መጠየቅ አለ፣ ለመልሱም ልብን ማዘጋጀት። ደንቡ ይህን ጥሪ በማስረጃነት ይቀበለዋል፤ ገበያው ግን አይከፍልበትም።